የወፍ በሽታና የተጎዳ ጉበት ፈውስ

በኢትዮጵያ ውስጥ የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ እንደ ወፍራም ሻይ የጠቆረ፣ ምግብ ያስጠላውና ጉልበት የከዳው ሰው በታየ ጊዜ፣ ቤተ ሰቡም ጎረቤቱም ለሕመሙ የሚሰጡት ስም አንድ ነው፤ ይኸውም «የወፍ በሽታ» የሚለው ነው። ስሙ እንደ ተነገረ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ጥያቄ «ባለመድኃኒቱ ማን ነው?» የሚል ነው እንጂ «ሐኪም ቤቱ የት ነው?» የሚል አይደለም። ሕመምተኛው ይወሰዳል፤ የተወቀጠ ቅጠል ወይም ሥር ተበጥብጦ ይሰጠዋል፤ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ይጠራል። በዚህ ምክንያት የወፍ በሽታን የሐበሻ መድኃኒት እንጂ የሐኪም መድኃኒት አያድነውም የሚለው እምነት በባላገሩ ብቻ ሳይሆን በከተማና በተማሩትም ሰዎች ዘንድ ጸንቶ ይኖራል።

ይህን እምነት ከንቱ ነው ብሎ መተው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ያየውን የሚናገር ሕዝብ እምነት ስለ ሆነ ሊመረመር ይገባዋል። ሕመምተኞቹ አብዛኛውን ጊዜ በእውነት ይድናሉና። ሊጠየቅ የሚገባው ያዳናቸው ምን እንደ ሆነ፣ ያልዳኑትስ ወዴት እንደ ሄዱ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የበሽታው ስም፣ የባለመድኃኒቱ አሠራር፣ የጉበት ጠባይ፣ እንዲሁም የተጎዳን ጉበት ለማዳን ዛሬ የሚቻልበት መንገድ በየተራው ይገለጻል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የበሽታው ስም

በሽታው ስለ ምን በወፍ እንደ ተሰየመ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ፣ ወፍ፣ ይልቁንም የሌሊት ወፍ፣ በሰው ላይ ሲያልፍ ጥላው ያረፈበት ወይም ሽንቱ የነካው ሰው ይታመማል የሚል ነው። በኦሮምኛም በሽታው «ዱኩባ ሲምቢራ» ይባላል፤ ትርጓሜው ያው የወፍ ሕመም ማለት ነው። አንዱ የሴም፣ ሌላው የኩሽ ወገን የሆኑ ሁለት ቋንቋዎች በአንድ ምሳሌ መገናኘታቸው፣ ሐሳቡ በአንድ ሕዝብ ብቻ የተወሰነ አለመሆኑን ያሳያል።

ቢጫነትንና ወፍን ማያያዝ በሌላም አገር ጥንታዊ ነው። በግሪኮች ዘንድ «ኢክቴሮስ» የሚለው ቃል ሕመሙንም አንዲት ቢጫ ወፍንም ይሰይም ነበር፤ በመጀመሪያው ምእት ዓመት የነበረው ሮማዊው ፕሊኒዮስ፣ ድውዩ ያችን ወፍ ቢያይ እርሱ እንደሚድን፣ ወፏ ግን እንደምትሞት የሚነገረውን ወግ ጽፏል። ካራድሪዮስ ስለምትባለው ወፍ የሚነገረውም ታሪክ ይህን ይመስላል። ይህች ወፍ በድውይ ፊት ስትቀርብ፣ የሚድን ከሆነ ትመለከተዋለች፣ ሕመሙንም ወስዳ ወደ ፀሐይ ትበራለች፤ የማይድን ከሆነ ግን ፊቷን ትመልሳለች። ታሪኩ በግሪክኛው «ፊሲዮሎጎስ» ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ መጽሐፉ በጥንት ዘመን «ፊሳልጎስ» ተብሎ ወደ ግዕዝ ተተርጕሟል፤ የግዕዙንም ንባብ ፍሪትስ ሖመል በ1877 በላይፕሲክ አሳትሞታል። ሆኖም በግሪኮቹ ወግ ወፏ ሕመምን ወሳጅ ስትሆን፣ በኢትዮጵያው አነጋገር ወፍ ሕመምን አምጪ ነው። ስለዚህ አንዱ ከሌላው ተወረሰ ብሎ መደምደም አይገባም፤ ሁለቱ በአንድነት የሚመሰክሩት የቢጫነት ምልክት በየትም አገር የሰውን ዓይን አስቀድሞ የሚስብ መሆኑን ነው።

ለዚህ ምርመራ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ስሙ የማይናገረው ነው። «የወፍ በሽታ» የሚለው ስም ስለ ጉበት ምንም አያነሣም። በግዕዝ «ከብድ» የሚለው ቃል ሆድንም ጉበትንም ይሰይማል፤ ዕብራይስጥና ዓረብኛም የጉበትን ስም ከዚሁ ሥር ያወጣሉ። በአማርኛ ግን የሐዘንና የርኅራኄ፣ የቂምና የፍቅር ማደሪያ ተብለው የሚጠሩት ሆድ፣ አንጀትና ልብ ናቸው፤ ጉበት በዱለት ውስጥ የሚገባ የሥጋ ክፍል ከመሆን አልፎ በሰው አካል ውስጥ ስላለው ሥራ የሚነገርለት ጥቂት ነው። እንግዲህ ስሙ ዓይንን ወደ ውጭ፣ ወደ ሰማይና ወደ ቀለም ይመራል እንጂ ወደ ውስጥ አይመራም። በዚህም የተነሣ ሕክምናው በአመዛኙ ቀለሙን የማስወገድ ሕክምና ሆኖ ቀርቷል።

፪. የባለመድኃኒቱ አሠራር

የወፍ በሽታ መድኃኒት የሚሰጡት ሰዎች ልዩ ልዩ ናቸው። አንዳንዶቹ የዕፀዋትን ጥቅም ከጽሑፍ ያገኙ ደብተሮች ናቸው፤ በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ እንዲህ ያሉ የመድኃኒት መጻሕፍት እንዳሉ፣ ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 በዋርሶ ያሳተመው ሥራ በሰፊው ያስረዳል። ሌሎቹ ግን አንድን መድኃኒት ብቻ ከአባታቸው ወይም ከእናታቸው የወረሱ ገበሬዎችና ባልቴቶች ናቸው። የእነዚህ ዕውቀት ምሥጢር ነው፤ ለሚመረጠው ልጅ በስተእርጅና ይነገራል እንጂ በአደባባይ አይገለጽም፤ የተገለጸ መድኃኒት ይረክሳል፣ ኃይሉም ይጠፋል ይባላልና። ሥሩ ወይም ቅጠሉ የሚነቀልበት ቀንና ሰዓት፣ በተለይም ፀሐይ ሳይወጣ መሆኑ፣ በጥንቃቄ ይጠበቃል።

ለዚህ ሕመም የሚሰጡት ዕፀዋት ከአገር አገር ይለያያሉ። ተደጋግመው ከሚጠሩት መካከል የሰንሰል ቅጠል፣ አቱች፣ የእንዶድ ሥር፣ የብሳና ቅርፊትና የምድር እምቧይ ይገኛሉ። ተወቅጦ የተጨመቀው በውኃ፣ በወተት፣ በማር ወይም በጠላ ተበጥብጦ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። አንዳንዱ ባለመድኃኒት ቆዳን የሚያፈላ ቅጠል በክንድ ላይ አሥሮ የቋጠረውን ውኃ ያፈስሳል፤ አንዳንዱ በጋለ ብረት ይተኵሳል፤ አንዳንዱም በምላጭ ይበጣል ወይም ዋግምት ያደርጋል። ወደ ጠበል የሚሄዱም ብዙ ናቸው።

የእነዚህ ሁሉ አሠራር በመልኩ ቢለያይም በሐሳቡ አንድ ነው። በሰውነት ውስጥ የገባ ቢጫ ነገር አለ፤ ስለዚህ በትውከት፣ በተቅማጥ፣ በቍስል ወይም በደም መውጣት አለበት። መድኃኒቱን የጠጣው ሰው አጥብቆ ያስመልሰዋል፤ በመጨረሻም ቢጫና መራራ ፈሳሽ ይወጣዋል። በዚህ ጊዜ አስታማሚዎቹ «ወፉ ወጣ» ብለው ይደሰታሉ፤ ሕመምተኛውም ተስፋ ያደርጋል። ከዚህ የበለጠ የሚታይ ማስረጃ ለማንም አይገኝም።

፫. የጉበት ጠባይና የመድኃኒቱ ዝና

ይሁን እንጂ ያ ቢጫ ፈሳሽ ሐሞት ነው። ሐሞት በጤነኛም ሰው አንጀት ውስጥ ዘወትር ይፈስሳል፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ማንኛውም ሰው የሚያስመልስ መድኃኒት ቢጠጣ ያንኑ ቢጫ ውኃ ያወጣል። እንግዲህ የወጣው ሕመሙ አይደለም።

የዓይን ቢጫነት የሚመጣው እንደሚከተለው ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ያህል ነው፤ ሲያረጅና ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይተርፋል። ጉበት ይህን ከደም ውስጥ እየሰበሰበ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይጥለዋል። ጉበት ሲታመም ወይም የሐሞት መውረጃው ሲዘጋ፣ ወይም ደም ከልክ ያለፈ ሲፈርስ፣ ቢጫው በደም ውስጥ ይከማቻል፤ በዓይንና በቆዳም ላይ ይታያል። ስለዚህ ቢጫነት ምልክት ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ወባም፣ የሐሞት ጠጠርም፣ የአልኮል ብዛትም፣ የሳንባ ነቀርሳ ኪኒኖችም፣ ልዩ ልዩ ቫይረሶችም ይህንኑ አንድ ምልክት ያመጣሉ። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተነሥቶ 30,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ የተገመተው የቢጫ ወባ ወረርሽኝም ከምልክቶቹ አንዱ ይኸው ነበር። «የወፍ በሽታ» እንግዲህ የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን የብዙ በሽታዎች መገናኛ በር ስም ነው።

ከእነዚህ በሽታዎች መካከል በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፉት ሄፓታይተስ ኤ እና ሄፓታይተስ ኢ ይገኛሉ። ኤ የሚይዘው በአብዛኛው ሕፃናትን ሲሆን፣ ኢ በሰፈርና በመጠለያ በብዛት ይነሣል፤ በ1988 እና በ1989 በሰሜን ኢትዮጵያ በነበሩ ወታደሮች መካከል፣ በ2014 ደግሞ በጋምቤላ በነበሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መካከል ተነሥቶ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ሕመሞች አብዛኛውን ጊዜ ያለ አንዳች መድኃኒት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቃሉ። ሕመምተኛው ዕረፍትና ምግብ አግኝቶ ቢቆይ፣ ሰንሰል ቢጠጣም ባይጠጣም ይድናል።

ለዚህ ምክንያቱ የጉበት ልዩ ጠባይ ነው። ከሰው የውስጥ አካላት መካከል እንደ ጉበት የጎደለውን የሚተካ የለም። ሂጊንስና አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1931 እንደ ገለጹት፣ ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ጉበቱ የተቈረጠለት አይጥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የጉበቱን መጠን መልሶ ያገኛል። ዛሬም ለዘመዱ የጉበቱን ከፊል የሚለግስ ሰው የቀረው ጉበቱ በጥቂት ወራት አድጎ ወደ ቀድሞው መጠን ይቀርባል። የባለመድኃኒቱ ዝና የተመሠረተው በዚህ ኃይል ላይ ነው። ጉበት ራሱን ሲያድን ምስጋናው ለቅጠሉ ተሰጥቷል። ባለመድኃኒቱ አታላይ ስለ ሆነ አይደለም፤ እርሱም እንደ ሌላው ሰው የሰጠውንና የዳነውን አይቶ አመነ እንጂ። ያልሰጠውና የዳነው ሰው በፊቱ ስላልቀረበ ሊያነጻጽር አልቻለም።

፬. ያልዳኑት ወዴት ሄዱ

ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት የሚገኘው በዚህ ላይ ነው። ከቫይረሶቹ መካከል ሄፓታይተስ ቢ ጠባዩ የተለየ ነው። በደም፣ በሩካቤ፣ በወሊድ ጊዜም ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በአዋቂነቱ የተያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ያሸንፈዋል፤ በወሊድ ጊዜ ከተያዙ ሕፃናት ግን 90 በመቶ ያህሉ ሳይለቃቸው ይኖራል። እነዚህ ልጆች አይታመሙም፤ ዓይናቸውም ቢጫ አይሆንም። ቫይረሱ በዝምታ ጉበታቸውን ለ20፣ ለ30 ወይም ለ40 ዓመት ሲያቈስል ይቈያል፤ ቍስሉ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳው ሲበዛ ሲሮሲስ የሚባለው የጉበት መጠጠር ይመጣል፤ ከዚያም በአንዳንዱ ላይ የጉበት ነቀርሳ ይከተላል። በ2016 የወጣ፣ ቀደም ያሉ ጥናቶችን ያጠቃለለ ጽሑፍ በኢትዮጵያ ከተመረመሩት ሰዎች መካከል 7.4 በመቶ የሚሆኑት ይህ ቫይረስ እንዳለባቸው ገምቷል።

በልማዳዊው አከፋፈል የዓይን ቢጫነት አንድ በሽታ ነው፤ የሆድ ማበጥ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ወፍ ነው፤ ሁለተኛው «ሆዱ ውኃ ቋጠረ» ይባላል፤ አንዳንድ ጊዜም በመተት ይሳበባል። ስለዚህ በጐልማሳነቱ ወፍ ይዞት በቅጠል የዳነ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ሆዱ አብጦ ሲሞት፣ ሁለቱ የአንድ በሽታ መጀመሪያና መጨረሻ ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚያስብ የለም። ባለመድኃኒቱ በዳኑት መዝገብ ውስጥ ቆጥሮታልና። ያልዳኑት የሄዱት ወደ ሌላ ስም ነው።

መድኃኒቱ ራሱም ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜ አለ። በአፍ የተወሰደ ነገር ሁሉ ከአንጀት በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ መርዝን የሚያፈርሰውም ይኸው ጉበት ነው። የታመመ ጉበት ጠንካራ መድኃኒት ሲጫንበት የደከመን አጋሰስ ከነጭነቱ ዳገት እንደ ማስወጣት ነው። እንዶድን ለምሳሌ ያህል ማንሣት ይቻላል። ፍሬው ልብስ የሚያጥብ ሳሙና ነው፤ አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፣ የብልሃርዝያን አስተላላፊ ለማጥፋት የሚያገለግል መሆኑን ለዓለም አስታወቀ። በውኃ ውስጥ ይህን ያህል ኃይል ያለው ተክል ሥሩ በግምት እየተለካ በታመመ ሰው ሆድ ውስጥ ሲገባ የሚያስከትለውን መገመት አያስቸግርም። ከዚህም በላይ አጥብቆ ያስመለሰውና ያስቀመጠው ሰው ውኃ ከሰውነቱ ያልቅበታል። በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት በሄፓታይተስ ኢ የተያዘች ሴት ደግሞ ከአምስት አንድ ያህል የመሞት አደጋ አለባት፤ ለእርስዋ በባለመድኃኒት ቤት የሚጠፋ እያንዳንዱ ቀን ክቡር ነው።

በምላጭ መብጣትና ዋግምትም የራሳቸው አደጋ አላቸው። አንድ ምላጭ ሳይቀቀል ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ቢተላለፍ፣ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስም አብሮ ይተላለፋል። በዚህ መንገድ የጉበትን በሽታ ለማዳን የተደረገው ሥራ የጉበትን በሽታ ይዘራል።

፭. በጸዓዳ እምባ የተገኘው ትምህርት

ምልክቱን ትቶ ምክንያቱን መፈለግ ምን እንደሚያስገኝ በትግራይ የተፈጸመ አንድ ነገር ያስረዳል። በ2001 በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ጸዓዳ እምባ በሚባል መንደር ያልታወቀ በሽታ መነሣቱ ተሰማ። ሕሙማኑ የሆድ ሕመም ይሰማቸዋል፤ ሆዳቸው ያብጣል፣ ውኃም ይቋጥራል፤ ጉበታቸውና ጣፊያቸው ይተልቃል፤ ብዙዎችም ሞቱ። በአንድ ቤት ከአንድ በላይ ሰው ይታመም ነበር። በሽታው ግን የታወቁት የጉበት ቫይረሶች ያመጡት ሆኖ አልተገኘም።

የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ብዙ ከደከሙ በኋላ ዋናው ጥርጣሬ በእህሉ ላይ ወደቀ። አጌራቱም የተባለ አረም በእርሻው ውስጥ በቅሎ ዘሩ ከእህሉ ጋር ይቀላቀል ነበር፤ ይህ አረም ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባለ፣ የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥሮች የሚዘጋ መርዝ አለው። እንዲህ ያለ መርዝ ከሌላ አረም በ1970ዎቹ በአፍጋኒስታን ስንዴ ውስጥ ገብቶ ብዙ ሰው ገድሎ ነበር። ስለዚህ ለመንደሩ የሚያስፈልገው ዋና መድኃኒት በጠርሙስም በስልቻም የሚገኝ አልነበረም፤ አረሙን ከማሳው መንቀልና እህሉን ከዘሩ ማጥራት ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከምድር የበቀለ ሁሉ ገር አለመሆኑ ነው፤ ጉበትን ከሚገድሉት መርዞች ብዙዎቹ ዕፀዋት ናቸው። ሁለተኛው፣ የጉበት ፈውስ የሚጀምረው የጎዳውን ነገር በማወቅና በማራቅ መሆኑ ነው።

፮. የተጎዳ ጉበት የሚሻሻልበት መንገድ

ይህ ሁለተኛው ትምህርት የዛሬው የጉበት ሕክምና ሁሉ መሠረት ነው። ጉበትን በቀጥታ የሚጠግን መድኃኒት ከማግኘት ይልቅ፣ የሚያቈስለውን ነገር ማስቆምና ጉበቱ ራሱን እንዲጠግን ጊዜ መስጠት የበለጠ ውጤት አስገኝቷል።

ጉዳቱ ከአልኮል የመጣ እንደ ሆነ ፈውሱ መጠጥን ፈጽሞ መተው ነው። ሕመሙ ያልጠና ሰው አረቄንም፣ ጠላንም፣ ጠጅንም፣ ቢራንም በመተው ብቻ በስብ የተሞላ ጉበቱ በጥቂት ሳምንታት ሊጠራለት ይችላል፤ ሲሮሲስ የያዘውም ቢሆን መጠጡን ቢተው ዕድሜው ይረዝማል። ጉዳቱ ከውፍረትና ከስኳር በሽታ ጋር የተያያዘ የጉበት ስብ እንደ ሆነ፣ ከሰውነት ክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብግነቱን ያበርደዋል። የሐሞት መውረጃው በጠጠር የተዘጋበት ሰው ጠጠሩ እንዲወጣለት ያስፈልጋል፤ ይህን ቅጠል ሊያደርገው አይችልም። ፓራሲታሞልን ከልክ በላይ የወሰደ ሰው አሴቲልሲስቴይን የሚባል ማርከሻ አለው፤ የሚጠቅመው ግን በቶሎ፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓቶች ውስጥ ሲሰጥ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሲወስድ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ወዲያው ወደ ሐኪሙ መመለስ አለበት፤ መድኃኒቱን ያለ ምክር እየቀያየረ ቢወስድ ግን ነቀርሳውም ጉበቱም ይከፉበታል።

ሄፓታይተስ ሲ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚዋጥ ኪኒን ከ95 በመቶ በላይ በሚሆኑት ሕሙማን ላይ ፈጽሞ ይጠፋል። ለሄፓታይተስ ቢ ግን እስከ ዛሬ ያለው መድኃኒት ቫይረሱን አስሮ የሚይዝ እንጂ የሚያጠፋ ባለመሆኑ፣ ብዙዎች ለረጅም ዘመን ይወስዱታል። ቢሆንም ውጤቱ ታላቅ ነው። በ2013 በታተመ ጥናት ቴኖፎቪር የተባለውን መድኃኒት ለአምስት ዓመት ከወሰዱና ጉበታቸው በፊትም በኋላም ከተመረመረ 348 ሕሙማን መካከል፣ በመጀመሪያ ሲሮሲስ ከነበረባቸው 96 ሰዎች 71ዱ በመጨረሻ ከሲሮሲስ ደረጃ ወጥተው ተገኙ። ከዚህ በፊት የጉበት ጠባሳ አይመለስም ይባል ነበር፤ አሁን ግን የሚያቈስለው ነገር ከተወገደ ጠባሳም እንደሚሟሟ ታውቋል። በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና በተደራጀ መልክ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 ተጀመረ። ከመድኃኒቱ ሁሉ የሚበልጠው ግን ክትባቱ ነው፤ ከ2007 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ሕፃናት ከሌሎች ክትባቶች ጋር ይሰጣል።

ጉበቱ ከዚህ ሁሉ አልፎ ፈጽሞ የደከመበት ሰው የሚቀረው መንገድ ከሌላ ሰው ጉበት መተካት ነው። ቶማስ ስታርዝል ይህን መጀመሪያ በ1963 በአሜሪካ ሞከረ፤ በ1967ም ሕመምተኛው ከዓመት በላይ ሊኖርለት ቻለ። ይህ ሕክምና ውድና ጥቂቶች ብቻ የሚደርሱበት በመሆኑ፣ አስቀድሞ መጠንቀቅ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ከሁሉ ይሻላል።

፯. ስለ ዕፀዋቱና ስለ ባለመድኃኒቱ

ከላይ የተባለው ሁሉ ዕፀዋቱ ዋጋ የላቸውም ማለት አይደለም። በ2010 በወጣ ጥናት ከሰንሰልና ከአቱች የተቀመመ ጭማቂ መርዝ የተሰጣቸውን የቤተ ሙከራ እንስሳት ጉበት ከጉዳት በከፊል እንደ ጠበቀ ተገልጿል። ይህ መልካም ምልክት ነው። ነገር ግን ከአይጥ ወደ ሰው የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው፤ መጠኑ፣ የሚጎዳበት ልክና የሚጠቅመው ለየትኛው በሽታ እንደ ሆነ ገና በሰው ላይ መለየት ይኖርበታል። በአውሮፓ ለብዙ ዘመን ለጉበት ሲሰጥ የኖረው ሲሊማሪን የተባለ የእሾህ ተክል ዘር እንኳ በትክክል ሲመረመር የተነገረለትን ያህል ጥቅም አላሳየም። በአንጻሩ፣ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ሲሮሲስና የጉበት ነቀርሳ እንደሚያንስባቸው በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ያመለክታሉ፤ በ2018 በሐረር ከተደረገ ጥናት የወጣ ጽሑፍ ደግሞ ጫት በብዛት መቃም ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር ግንኙነት እንዳለው ገልጿል። እንግዲህ የአገር ተክል መሆን ብቻውን ጠቃሚም ጎጂም አያደርግም፤ እያንዳንዱ በየራሱ መመርመር አለበት።

ለዚህ ምርመራ የባለመድኃኒቶቹ ዕውቀት ያስፈልጋል፤ ይህም ዕውቀት በምሥጢር ስለሚጠበቅ ከአረጋውያኑ ጋር እያለፈ ነው። ስለዚህ ዕውቀቱን የሚሰበስቡ ሰዎች «ይህ ተክል ለወፍ በሽታ ይሰጣል» ብለው በመጻፍ ብቻ ሊያበቁ አይገባም። የተነቀለው ክፍል፣ መጠኑ፣ የተበጠበጠበት ነገርና ከመድኃኒቱ በኋላ ሕመምተኛው የሆነው ሁሉ፣ ይልቁንም ያልዳኑትና የሞቱት፣ አብሮ መመዝገብ አለበት። ዕውቀቱን የሰጠው ሰውም ከሚገኘው ጥቅም ድርሻው ሊታሰብለት ይገባል፤ አለዚያ ምሥጢሩን ስለ ደበቀ ሊወቀስ አይችልም።

እስከዚያው ድረስ ባለመድኃኒቱና ሐኪሙ ሊስማሙባቸው የሚችሉ ጥቂት ነገሮች አሉ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሁሉ፣ የፈለገውን ቢያምንም፣ ደሙ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ይመርመር፤ ነፍሰ ጡር ሴት፣ የሚያቃዥው ወይም አእምሮው የሚፈዝ፣ የሚደማ፣ ሆዱ የሚያብጥ፣ ከትኩሳት ጋር ብርቱ የሆድ ሕመም ያለበት ወይም ቢጫነቱ ከጥቂት ሳምንታት በላይ የቈየበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ ምላጭ ለሁለት ሰው አይዋል፤ በሕመም ጊዜ መጠጥ አይጠጣ። ባለመድኃኒቱ ይህን ብቻ ቢያደርግ፣ ሕዝቡ ለእርሱ ያለው እምነት ራሱ ሰውን ወደ ሕይወት የሚመራ መንገድ ይሆናል።

በጥንቱ ወግ ካራድሪዮስ ወደ ሚድነው ድውይ ተመልክታ ሕመሙን ትወስዳለች፤ ከማይድነው ግን ፊቷን ትመልሳለች። ልማዳዊው ሕክምናም እስከ አሁን ያስታወሰው የዳኑትን ነው። ለወደፊቱ የሚያስፈልገው ፊቱን ወዳልዳኑትም የሚመልስ ምርመራ ነው።